ከጉሬዛዋ በስተጀርባ

ወንድ ልጅ አርባን ሲሻገር አንድ ነገር ይለክፈዋል። አስተውላችሁ እንደሆነ እንጃ። አንዱ መሸታ ቤት ይላመዳል። አንዱ የሟች አያቱን መሬት ያስታውስና ፍርድ ቤት ይመላለሳል። አንዱ ድንገት ነጠላውን አጣፍቶ ኪዳን ማስደረስ ይጀምራል፤ ይሄኛው እንኳ ለነፍስም ለሚስትም ደኅና ነው። የእኔን ባል የለከፈው ወፍ ነው።

ወፍ ስል በሌላ እንዳትተረጉሙብኝ። አገሩ የቅኔ አገር ስለሆነ ነው የማስጠነቅቀው። ላባ ያላት፣ ጥሬ የምትለቅም፣ እውነተኛዋ ወፍ።

ስማቸው ይባላል። ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ ያስተምራል። እኔ እዚያው ቢቸና ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። አንድ ክረምት ሶፋ ልንገዛ ተማክረን ባሕር ዳር ሄድን። እኔን ሶፋ ቤት አስቀምጦኝ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ ሲመለስ አፈሙዙ ክንድ የሚያህል ካሜራ በአንገቱ አንጠልጥሏል።

«ሶፋውስ?» አልሁት።

«ሶፋ ያረጃል፤ ካሜራ ትዝታ ያስቀራል» አለኝ።

ይኸው ትዝታ በትዝታ ሆነናል። ችግሩ ትዝታ ላይ እንግዳ ማስቀመጥ አይቻልም።

ያን ጊዜ እንደ ዛሬው ስልክ ሁሉ ፎቶ አያነሳም። ቢቸና ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ወይ ሠርግ አንሺ ነው፣ ወይ ከመንግሥት የተላከ ነው። ስማቸው ሁለቱንም አይደለም። «እኔ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ» ይላል። የዱር እንስሳት የተባሉት መጀመሪያ የእኛ ግቢ ዋኔዎች ነበሩ። ግራዋው ላይ ጎጆ ሠርተው በሰላም ይኖሩ ነበር። ስማቸው በር ሥር አድፍጦ ይቀመጣል፤ እኔ ሳስል ይቆጣል፤ ጎረቤት ሲያንኳኳ ይቆጣል። ከዚያ ያነሳውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ ያሳየናል።

«ይሄ ምንድነው?» እለዋለሁ።

«ግራዋ ነው።»

«ወፏስ?»

«አሁን ነው የሄደችው።»

በስማቸው ፎቶዎች ውስጥ ያልሄደች ወፍ የለችም። ቅርንጫፍ አለ። የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ አለ። አልፎ አልፎ ጭራ አለ፤ ጭራ የተገኘ ቀን ቤታችን በዓል ነው። የከተማ ልጆች ነገር አልሳካ ሲል «ወፍ የለም» የሚሉት ለእርሱ የተነገረ ነው የሚመስለኝ።

ወፏ ካልቀረበች እናቅርባት ብሎ ደግሞ አጥራችን ላይ ቅንጥብጣቢ ሥጋ ሰቀለ። ጭልፊት ፈልጎ ነው። ጭልፊቷም መጣች። መምጣትስ መጣች፤ ሥጋውን በልታ ስታበቃ ቁልቁል ብታይ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ጫጩቶች ይንጫጫሉ። ከደረቅ ቅንጥብጣቢ የሚሻለውን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልጋትም። እትዬ ዘነቡ መጡና «ወንድሜ ስማቸው፣ ሰው ጭልፊት ያባርራል እንጂ ሥጋ ዘርግቶ ይጠራል?» አሉት። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ «እትዬ፣ ስትነጥቅ ፀሐይዋ ከፊቷ ነበረች ወይስ ከኋላዋ?» ብሎ ጠየቃቸው። እትዬ ዘነቡ እስከ ትንሣኤ ሰላምታ ነሱን።

ሌላ ጊዜ ከከብት እግር ሥር የማትጠፋዋን ነጭ ሳቢሳ አነሳለሁ ብሎ የእኔን አሮጌ አረንጓዴ መጋረጃ ተከናንቦ መስኩ ላይ በደረቱ ተኛ። ከገበያ የሚመለስ ሰው አየው። አንዱ ሰክሯል አለ። አንዱ ታሟል አለ። አንዷ ደግሞ የወንዝ ጋኔን ለክፎት ነው ብላ ቁርጡን ተናገረች። እኔ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ ሳል መድኃኒት እየሸጥሁ አንዲት ሴት እያለከለከች ገብታ «እህቴ፣ ባልሽ ወድቋል» አለችኝ። ዘግቼ ሮጥሁ። ስደርስ ሰው ከቦታል፤ አንድ መንገደኛ መነኩሴ በኮዳ የያዙትን ጠበል በላዩ እያርከፈከፉ ይደግማሉ። ስማቸው መጋረጃው ውስጥ ሆኖ ጠበሉ ጆሮው ውስጥ እየገባ ካሜራውን በሆዱ ደብቋል። ሳቢሳዋ ሄዳለች። ለካስ የሄደችው ገና ጸሎቱ ሲጀመር ነው።

ለጉዞም ወጥተናል። አዞ ላንሳ ብሎ ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ ይዞኝ ወረደ። ቁልቁለቱን እኔ በሶና ዳቦ በዘንቢል ይዤ፣ እርሱ ካሜራውን እንደ ታቦት አክብሮ። አዞ አላየንም። ትንሽ አረፍ እንበል ብለን ስንቀመጥ አንዲት ዝንጀሮ ከቋጥኝ ዱብ ብላ ዘንቢሌን ይዛብኝ ሄደች። እኔ ድንጋይ ስፈልግ ስማቸው «አትንቀሳቀሺ» ይለኛል። ፎቶው አሁንም አለ። ዝንጀሮ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል፤ ስማቸውም መጀመሪያ ያገኘው መቀመጫዋን ነው። ዘንቢሌ ከጎኑ ጥርት ብሎ ይታያል። ስንራብ ውለን ሽቅብ ስንወጣ «ብርሃኑ እንዴት እንደወደቀበት አየሽ?» እያለ ያጽናናኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ባሌን ላማ አይደለም። ጥቂት ላማው ፈልጌ ነበር፤ በቃኝ። ዋናው ነገር የአጎቴ ነገር ነው።

አያ ጥላሁን የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከሞጣ ወጣ ብሎ አንድ አሮጌ ደብር አጠገብ ይኖራሉ፤ የደብሩን ስም ተዉልኝ። አባቴ ሲሞት እሳቸው አሳደጉኝ፤ አስተማሩኝ፤ ዳሩኝ። እንዲህ ያለ ሰው ሲያጠፋ አፍህን የት ታደርገዋለህ? ያን ጊዜ ደግሞ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር ነበሩ።

ደብሩ ጫካ አለው። እንደሌላው ደብር ሁሉ። በዙሪያው ያለው እርሻ ራሰ በራ ሲሆን እሱ ብቻ ጎፈሬ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ውስጡ ደግሞ ጉሬዛዎች። ጉሬዛን ሰዉ መነኩሲት ይላታል፤ ጥቁርና ነጭ ለብሳ ከሰው ርቃ ቅጠል ስለምትበላ። ታዲያ ከዚያ ጫካ ጽድ መጥፋት ጀመረ። ማታ የነበረ ጧት ጉቶው ብቻ ይገኛል። አያ ጥላሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነሱና ቆራጩን ያስረግማሉ። «የእግዚአብሔርን ጥላ የቆረጠ፣ እጁ ይድረቅ» ሲሉ ሕዝቡ «አሜን» ይላል። ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚሰማው የእሳቸው አሜን ነው።

የጫካው ዘበኛ ዋሴ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ያ ዓመት በትንሣኤ ማግሥት፣ ከሁሉም ትልቁ ጽድ ወድቆ ተገኘ። ሦስት ትውልድ የተጠለለበት ጽድ። ማን ተጠያቂ ይሁን? ዘበኛው ነዋ። አያ ጥላሁን ሕዝብ ፊት አቁመው «አይተሃል ወይስ አላየህም?» አሉት። ዋሴ መሬት መሬት እያየ «ምን ልበል፣ አባቴ» አለ። ወይ ተባብረሃል ወይ ተኝተሃል ተብሎ ተባረረ። ልጆቹን ይዞ ለቀን ሥራ ሞጣ ገባ።

ለዚያ ትንሣኤ እኛም እዚያው ነበርን። እንዲያውም ጽዱ የወደቀ ጧት ስማቸው ገና ጎሕ ሲቀድ ካሜራውን ይዞ ጫካ ገብቶ ነበር። ሲመለስ ፊቱ የሙሽራ ፊት ሆኗል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልሄደች ነገር አነሳ። ጉሬዛዋ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጭ ጭራዋን እንደ መቋሚያ ዘንግ ቁልቁል ለቃ፣ ዓይን ለዓይን ታየዋለች። እውነቱን እናገራለሁ፤ ያምር ነበር። ከዋኔው ጀምሮ ያየሁትን ግራዋ ሁሉ ረሳሁለት።

«እንዴት ሳትሸሽ ቀረች?» አልሁት።

«ተግባብተን» አለኝ።

ፎቶውን ባሕር ዳር ወስዶ እንደ መስኮት አሳጥቦት መጣ። ወርቃማ ፍሬም አስገባለት። አያ ጥላሁን ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ ሳሎን ሠርተው ምረቃ ጠርተውን ነበር። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ምሰሶው ቀጥ ያለ፣ ወጋግራው የጽድ ሽታ የሚሸት። ስጦታ ምን እንውሰድ ስንል ስማቸው «ምን ጥያቄ አለው» አለ። ወሰድን። አያ ጥላሁን ደስ አላቸው። የደብራቸው ጉሬዛ፣ በሳሎናቸው፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ትንሽ ዝቅ ብላ። የገባ እንግዳ ሁሉ ያደንቃል። ፎቶው ጥግ ላይ፣ ከጉሬዛዋ ኋላ፣ ብዥ ያለ ነጭ ነገርና ከላዩ ትንሽ ቀይ ነገር ነበር። እኔ ጠይቄ ነበር። ስማቸው «ብርሃን ነው፣ በቅጠል መሃል ሲገባ እንዲያ ያደርጋል» አለኝ። የተማረ ሰው ሲናገር ምን ትላላችሁ። አያ ጥላሁን ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ መነጽር ያድርጉ ሲሏቸው እርጅናን መጥራት ነው ብለው እምቢ ብለዋል።

ወራት አለፉ። የአያ ጥላሁን የዓመት ዝክር ደረሰና ተሰበሰብን። ካህናቱ በላይ በኩል፣ ከመካከላቸው የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ። ዘመድ አዝማዱ በግራ በቀኝ። ዋሴም መጥቷል። ዝክር ማንም አይከለከልም፤ በሩ አጠገብ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ጠላው እየዞረ፣ ወጉ ደርቶ፣ አንድ ቄስ ስለ ጉሬዛዋ ማማር ሲናገሩ የአያ ጥላሁን ባለቤት እትዬ የሺወርቅ ጋን አጠገብ ሆነው ፈገግ አሉ። እንደ እትዬ የሺወርቅ ያለ ገራገር ሴት አይቼ አላውቅም። ባላቸውን እንደ ንጉሥ ነው የሚያዩ።

«ጥላሁንም እኮ አብሮ ተነስቷል» አሉ፣ በኩራት።

«የት?» አሉ ቄሱ።

«ይኸው ጥጉ ላይ። ቀዩን ቆብ እኔ ነኝ የሠራሁለት። ጋቢውንም አወቅሁት፤ ሥራ ሲይዝ እንዲህ ነው የሚያደገድገው።»

ቄሱ ተነሡ። ሌላውም ተነሣ። ሰው ሁሉ ፎቶው ሥር ተሰበሰበ። አንዴ ቆቡን ካወቅኸው ሌላው ራሱ ይመጣል። ቆቡ፣ ጋቢው፣ ጋቢውን ያደገደገው ወገብ፣ ከወገቡ ላይ የተነሡ ሁለት ክንዶች፣ ከክንዶቹ ጫፍ ምሳር። ከምሳሩ ሥር ያ ትልቁ ጽድ።

ያሳደገኝ ሰው ፊት ስለነበርሁ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር። እትዬ የሺወርቅ ገና አልገባቸውም፤ ሰው ለምን ዝም እንዳለ ግራ ገብቷቸው «አያምርም እንዴ?» ይላሉ።

አያ ጥላሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደረቅ ነበር» አሉ። «ሰው ላይ እንዳይወድቅ ደረቁን ነው ያወረድሁት።»

መሪጌታ ወደ ፎቶው ጠጋ ብለው ቅጠሉን አዩት። ጢማቸውን ዳሰሱ። «እውነት ነው» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ልክ እንደ አሮን በትር ያለ ደረቅ ነው፤ ደርቆ ለምልሟል። አያ ጥላሁን፣ ጽድ ብቻ መስሎኝ ነበር የቆረጡት፤ ለካስ ጽድቅም አለበት።»

ካህናቱ ቅኔው እንዳያመልጣቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ይሄ ነው የእኛ አገር። ቤት ሲቃጠልም ቅኔው ካማረ መጀመሪያ «ይበል» ይባላል፤ ውኃው ኋላ ይመጣል።

ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ዋሴ ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔ የዚያን ጧት ጽዱ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ሮጬ ሄጄም አይቻለሁ» አለ። «እርስዎ ነዎት ብል ማን ያምነኛል፣ አባቴ? ልጆቼን ክርስትና ያነሱልኝ እርስዎ።»

አያ ጥላሁን ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ሁሉም ምሰሶውን አየ። ወጋግራውን አየ። የምናደንቀው ሳሎን ከየት እንደመጣ ያን ቀን ያልገባው ሰው አልነበረም። ጠላው ሳያልቅ ዝክሩ ተበተነ።

እትዬ የሺወርቅ ማድቤት ገብተው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። «እኔ ነኝ ያዋረድሁት» ይላሉ። «የለም እትዬ፣ እኛ ነን ያመጣነው» አልሁ። ልብ አድርጉ። ቆራጩ ሳሎን ተቀምጦ፣ ጥፋቱን ሁለት ሴቶች ማድቤት ውስጥ እንሻማለን።

ወደ ቢቸና ስንመለስ መኪና ውስጥ ስማቸውን «ምሳር ሲመታ አልሰማህም?» አልሁት።

«ሰምቻለሁ» አለኝ። «ግንደ ቆርቁር መስሎኝ ነበር። እሷንም ላነሳት ፈልጌ ነበር፤ ግን ጉሬዛዋ ትሄድብኛለች ብዬ ተውሁት።»

ተግባብተናል ሲለኝ የነበረው ይኼ ነው። ያቺ ምስኪን ከኋላዋ ምሳር፣ ከፊቷ አፈሙዝ፤ የት ትሂድ? እሱን ነገርሁት። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ «ግን ዓይኗ እንዴት ጥርት ብሎ እንደወጣ አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም» አለ። ከልቡ አዝኖ ነበር።

ቀጥሎ ምን ሆነ ትላላችሁ? አያ ጥላሁን ተከሰሱ? ከሊቀ መንበርነት ወረዱ? ሽማግሌ ተላከ። ወደ ማን? ወደ እኛ። ነጫጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ቢቸና ድረስ መጥተው፣ ሶፋ በሌለበት ቤት በርጩማ ላይ ተደርድረው፣ «ታላቅ ሰው በገዛ ግድግዳው ላይ ሰቅላችሁ አዋረዳችሁ» አሉን።

«እኛ የሰቀልነው ጉሬዛ ነው» አልሁ። «እሳቸው ናቸው ገብተው የተነሱት።»

«ልጄ» አሉ አንዱ፣ «ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕርቃን ሸፈኑ እንጂ በወርቅ ፍሬም አልሰቀሉም። አባት ሲሳሳት ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል።»

«እኔማ ጨፍኜ ነበር» አለ ስማቸው። «አንዱን ዓይኔን ሳልጨፍን አንስቼ አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። የደብሩ ጉባኤም ተሰብስቦ መምከሩን ነገሩን። አያ ጥላሁን አጥፍቻለሁ ብለዋል፤ ችግኝ እተክላለሁ ብለው ቃል ገብተዋል። ሊቀ መንበርነታቸው ግን ይቀጥላል። ለምን ቢባል ጫካውን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቀው የለም። እሱስ እውነት ነው፤ እያንዳንዱን ዛፍ ለይተው ያውቃሉ። ዋሴ ንጹሕ መሆኑ ስለታወቀ ወደ ሥራው ይመለስ ተብሏል። የደብሩም ክብር ሁለተኛ እንዳይነካ አዲስ ደንብ ወጥቷል። ካሜራ የያዘ ሰው ያለ ሊቀ መንበሩ ፈቃድ ጫካው ውስጥ አይገባም።

በመጨረሻም አያ ጥላሁን ቤት ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ አሉን። እኔ አንሄድም ብዬ ነበር። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ እንጂ አልተኛሁም። ዋሴን ሳስብ እናደዳለሁ፤ አያ ጥላሁን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡኝ በጭቃ ተሸክመውኝ ወንዝ ሲያሻግሩኝ ደግሞ ትዝ ይለኛል። የተሸከመህ ጀርባ ላይ ድንጋይ አይወረወርም። ሄድን። ስማቸው ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ምን አድርጎ እንደሆነ እኔም እርሱም አናውቅም፤ ብቻ ጠየቀ። አያ ጥላሁንም ትልቅ ሰው ናቸውና ይቅር አሉን። ሽማግሌዎቹ መረቁ።

ቀና ስንል ፎቶው አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። አውርደው አልጣሉትም። ጉሬዛዋ ወርቃማ ፍሬሟ ውስጥ ናት። ግን ፍሬሙ ጠቧል። ያ ጥግ የለም። ቆቡም፣ ምሳሩም፣ ጽዱም በቀጥታ ተቆርጠው ተጥለዋል፤ ለጉሬዛዋ ብቻ ልክ የሆነ ሌላ ፍሬም ተሠርቷል።

ቤቱ ሁሉ ስማቸው ምን ይል ይሆን ብሎ ዓይን ዓይኑን አየ። ስማቸው ጠጋ አለ። ራቅ አለ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«አሁን ነው ያማረው» አለ። «እዚያ ጋ መቆረጥ ነበረበት። እኔ አልታየኝም እንጂ።»

አያ ጥላሁን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «መቁረጡን እንኳ ለእኔ ተውልኝ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ዕንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ፤ በራሱ የሚስቅ ሰው ልቡ ንጹሕ ነው ተባባሉ። እትዬ የሺወርቅ ሳቁ፤ መሪጌታም ሳቁ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ። ዋሴ አልነበረም። ጫካው በር ላይ ቆሞ ካሜራ የያዘ ሰው እንዳይገባ ይጠብቃል።